ከውጭ አሥራ አራት እርምጃ፣ ከውስጥ አሥራ አንድ

መጀመሪያ አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ልንገራችሁና ይውጣልኝ። የወንድሜ ልጅ የኮምፒውተር ጌም ትሠራለች። ካለችበት ሩቅ ከተማ የመጀመሪያ ሥራዋን ስትልክልኝ፣ ከፈትኩትና አርባ ደቂቃ ሙሉ ጣራ ሳይ ቆየሁ። ማውሱ አንገት እንደሚያዞር የነገረኝ የለም። ተጫዋቹ አንገቱ ተቀጭቶ ይሆናል ብዬ እንዲያውም አዝኜለታለሁ። በመጨረሻ ዘጋሁትና «የኔ ቆንጆ፣ ጨረስኩት፤ በተለይ ባሕሩ ልቤን ነው የወሰደው» ብዬ ጻፍኩላት።

ባሕር የለውም።

ይህን አምድ ለዓመታት ያነበባችሁ ታውቁኛላችሁ። የሰው ገመና ሰምቼ፣ አለሳልሼ፣ ማር ቀብቼ መመለስ ሥራዬ ነው። ዛሬ ግን የማወጣው የናንተን ሳይሆን የራሴን ደብዳቤ ነው። እኔና ልጅቷ በስልክ አናወራም። «አንቺ ታቋርጫለሽ፤ ጻፊልኝ፣ በጽሑፍ ቢያንስ አፌ ላይ አትገቢም» ብላ ከከለከለችኝ ቆይታለች። ስለዚህ በኢሜይል እንጻጻፋለን። ያወጣሁት እሷ ፈቅዳልኝ ነው። ቤት ውስጥ ሜትሬ እንላታለን፤ ልጅ ሆና ያገኘችውን ሁሉ በእርምጃ ትለካ ስለነበር።

*

መስከረም 18

አክስትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለው?

ለምን ጠፋሽ ላልሽኝ፣ አኩርፌ አይደለም። አፍሬ ነው።

«የምትሠሪው ካርታ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀለው ነው ወይ?» ላልሽኝም፣ አይደለም። እኔ የምሠራው ተጫዋቹ የሚሄድበትን ቦታ ነው። ግድግዳውን፣ በሩን፣ ደረጃውን፤ የት ቆሞ ምን እንደሚያይ፣ የት ጋ እንደሚፈራ። ታሪኩን ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ እኔ ቤቱን እሰጠዋለሁ።

ባለፈው ሰኞ ሥራዬ ተገመገመ። አለቃችንን ሎሚ ነው የምንላት፤ ገና ስታይሽ ጥርስሽ ይጠርሳል። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ከመግቢያው እስከ መጨረሻው ሄደችበትና «ያምራል። ማንም ግን ኖሮበት አያውቅም» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። አርባ ስድስት መብራት ነው ያስቀመጥኩት አክስቴ፤ አንዱንም አላነሳችው። መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ያንቺን መልእክት አውጥቼ አነበብኩ። ባሕሩ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ በየትኛው በር ወጥተሽ ነው ባሕር ያየሽው? ካንቺ ውሸት የሎሚ እውነት ይሻለኛል ለማለት ግን ገና አልደፈርኩም። ሁለቱም ያማሉ።

ሜትሬ

*

መስከረም 21

የኔ ቆንጆ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ከመጀመሪያው ክፍል አልወጣሁም። ጣራሽን ግን እንደ እጄ መዳፍ ነው የማውቀው፤ አንድ ጥግ ላይ ስንጥቅ አለው፣ ግሩም ስንጥቅ ነው። ይህን የምልሽ ከልቤ ነው።

ትችት ሲመጣብኝ ምን እንደማደርግ ልንገርሽ። መጀመሪያ እሳደባለሁ፤ ለብቻዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። የዛሬ አሥር ዓመት አንድ አንባቢ «ጽሑፍሽ እርጥብ ብርድ ልብስ ነው፤ ይሸፍናል እንጂ አያሞቅም» ብሎ ጻፈልኝ። መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። ከወር በኋላ ሳወጣው ካነሳቸው አምስት ነገሮች ሦስቱ ትክክል ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ቅናት ናቸው። አንቺም ቆልፊበት፤ ቁልፉን ግን አትጣይው።

ደግሞ ሴትዮዋ «ማንም አልኖረበትም» ካለች ሰው የኖረበትን ሥሪላታ። ለምን የአባትሽን ቤት አትሠሪም? ከበሩ እስከ ጓሮው በእርምጃ ለክተሽ ደብተር ሙሉ ጽፈሽው የለም ወይ? ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ፎርማን ሆኖ የሰው ቤት ሲያሠራ ኖሮ፣ ያንን ቤት በገዛ እጁ ነው የገነባው። አንድ ጣት አይዛነፍም። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው አልኖረም የሚል ካለ ወደ እኔ ላኪው።

አክስትሽ

*

ይህን ምክር የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ሰው የቆየ ነገር ሲረሳ እንዲህ አድርጎ ነው የሚረሳው፤ ስጽፈው ፈገግ ብዬ ነበር።

*

ጥቅምት 16

አክስትዬ፣

ይህን ያህል በመዘግየቴ አትቆጪኝ፤ ወር ሙሉ አባዬ ቤት ነበርኩ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ።

ሎሚ ምን አለች ትይኝ ይሆናል። ዝም አለች። እሷ ዝም ካለች ሌላው ሰው ተነሥቶ እንዳጨበጨበ ቁጠሪው። በዚህ ጊዜ መብራት አላበዛሁም። መጀመሪያ ቀለም የሌለው ግራጫ ሳጥን ብቻ ደረደርኩ፤ ቤቱ በሳጥንነቱ ካላስፈራ በቀለም አያስፈራም። ከዚያ አሥራ አንድ የማላውቃቸው ሰዎች ጠርቼ አስጫወትኳቸው። ደንቡ እኔ ትንፍሽ አልልም። እጄን ጭኔ ሥር ቀብሬ እቀመጣለሁ። ድሮ «በዚያ በኩል ነው እኮ» እያልኩ ሰው አስቸግር ነበር። አሁን ገባኝ፤ ጌሙን ገዝቶ ለሚጫወት ሰው አጠገቡ ቁጭ ብዬ አላስረዳውም። ቤቱ ራሱ ካልተናገረ አልተናገረም።

ሲጨርሱ ኮምፒውተሩ ሰዎቹ የቆሙበትን ቦታ በቀይ ያሳያል፤ ብዙ የተቆመበት በጣም ይቀላል። ከአባዬ መኝታ ቤት ቀጥሎ ኮሪደሩ ላይ ያለው ባዶ ግድግዳ ትዝ ይልሻል? እዚያ ፊት ለፊት ወለሉ ደም መስሏል። አሥራ አንዱም ቆመዋል። አንዷ ዘጠኝ ደቂቃ በር ስትፈልግ ነበር።

ምክንያቱ ድምፁ ነው። ከቤቱ የወሰድኩትን ድምፅ እዚያ አስገብቼዋለሁ፤ ብረት በብረት ላይ፣ ሦስቴ፣ ጸጥታ፣ ደግሞ ሦስቴ። ለኔ እንደ ጣራው መንቋቋት ያለ የቤቱ ድምፅ ነው። የድምፅ ባለሙያችን ግን «ባለቤት የሌለው ድምፅ አታስገቢ፤ ተጫዋቹ ባለቤቱን ሳያገኝ ከዚያ አይሄድም» አለኝ። ሎሚ ደግሞ «ወይ ክፍሉን ክፈቺው፣ ወይ ድምፁን አውጪው» አለች።

ክፍል የለማ። ግን ልፈትሽ ብዬ ልኬቱን ደመርኩ። ቤቱ በጓሮ በኩል ከውጭ አሥራ አራት እርምጃ ነው። በዚያው በኩል ያሉት ክፍሎች በውስጥ ሲደመሩ አሥራ አንድ ናቸው። ደጋግሜ ደመርኩት፣ ያው ነው። የጠፋው ሦስት እርምጃ ከባዶው ግድግዳ ጀርባ ነው። አንድ ጣት አይዛነፍም ያልሽው ሰው ሦስት እርምጃ እንዴት ይጠፋበታል?

እዚያ ምን ነበር አክስቴ?

ሜትሬ

*

ጥቅምት 25

የኔ ቆንጆ፣ የኔ ዓለም፣ የወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራ እንዴት ነው? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? በደንብ ትበያለሽ ወይ? ያ የሚያስልሽ ነገር ተወሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤም ደህና ነው፤ ጎረቤቶቼም ደህና ናቸው።

ስለጠየቅሽኝ ነገር፣ የውሃ ቧንቧ ነው። የድሮ ቧንቧ እንዲህ ያደርጋል። ልኬቱን ደግሞ ልጅ ሆነሽ ነው የለካሽው፤ የልጅ እርምጃ ምኑ ይታመናል። ድምፁን አውጪውና ተገላገይ። አለቃሽም አውጪው ብላለች አይደል? አሁንም በአለቃሽ ተቀይመሻል?

ለአባትሽ ደግሞ ይህን አታንሺበት። እግሩን እያመመው ነው።

የምትወድሽ፣ የምትናፍቅሽ አክስትሽ

*

ሰላምታዬን ቁጠሩልኝ። ያን ያህል ጤና የምጠይቅ ከሆነ የምደብቀው አለ። የልጅቷን መልስ ስከፍት ሰላምታ የሚባል ነገር አልነበረውም።

*

ኅዳር 2

አክስቴ፣

ቧንቧው በጓሮ በኩል ወጥቶ በኩሽናው ነው የሚገባው። ራሴ ስየዋለሁ። ኮሪደሩ ጋ አይደርስም። አባዬም ልጅ ሆኜ ቧንቧ ነው ይለኝ ስለነበር ነው ዕድሜዬን ሙሉ ሳልጠይቅ የኖርኩት። የባሕሩን ውሸት ስቄ አልፌዋለሁ። ይኼኛው አያስቅም።

«አሁንም በአለቃሽ ተቀይመሻል?» ብለሽ ወሬ ልታስቀይሪኝ ሞክረሻል። አልተቀየምኳትም። ትናንት ቀዩን ወለል አብረን ስናይ «ይኼ የሥራ ስህተት አይመስለኝም። የምታውቂውና ማወቅሽን የማታውቂው ነገር ነው» አለችኝ። ድሮ ቢሆን መጸዳጃ ቤት እሄድ ነበር። አሁን ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሚያመኝ ቦታ ላይ ስትጫነኝ ሥራው ያለው እዚያ እንደሆነ ከሷ ተምሬአለሁ።

አታንሺበት ያልሽኝን አንስቼበታለሁ። ለአባዬ ደወልኩለት። ቤታችንን ለጌም እንደሠራሁት ስነግረው ደስ አለው፤ «በሩ ይጮሃል ወይ?» ብሎ ሳቀ። ስለ ግድግዳው ስነግረው ግን «ስንት ሰው አይቶታል?» አለኝ። ምንድነው አላለም፣ እንዴት አላለም። ስንት ሰው አይቶታል። አሥራ አንድ ስለው «አጥፊው» አለና ዘጋው።

ትናንት አጠገቡ የምትኖረው ነርስ መልእክት ላከችልኝ። አባትሽ በር ላይ አሸዋና ሲሚንቶ አስወርዷል፣ ቤት ላድስ ነው ይላል፣ በዚያ እግሩ ምን ሊሆን ነው፣ ምከሪው እንጂ ትለኛለች።

እኔ ምን ብዬ ልምከረው? ዝም የምትይው እስከ መቼ ነው?

*

ኅዳር 9

ሜትሬ፣

በቃኝ።

ታናሽ እህት ነበረችን። ሦስት ነበርን፣ ሁለት አይደለንም። አልበሙ ውስጥ ባዶ ቦታ ያየሽው ፎቶዎቹን እኔ ነቅዬ ነው። የኛ ሳቂታ እሷ ነበረች፤ ሰው ስትኮርጅ ሆድሽን ይዘሽ ነበር የምትወድቂው። ከዚያ የማይታይ ሰው ታናግር ጀመር። መንገድ መሃል ቆማ መኪና ታስቆማለች። ሁለቴ ጠፍታ ሁለቴ ተገኘች። እናታችን «ሰው ምን ይላል» እያለች ሞተች። አባትሽ ደግሞ እናትሽ አርፋ አንቺን ብቻውን ይዞ ነበር፤ አንቺ አምስት ዓመትሽ ነው። ሐኪም ቤት ወስደን አንድ ጊዜ መድኃኒት አስጀመርናት፤ ሲያልቅ የሄደ የለም። ከዚያ ያንን ግድግዳ ገነባና ከጀርባው አስቀመጣት። በሩ መኝታ ቤቱ ውስጥ ነው፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ።

እኔስ? እኔ እሁድ እሁድ ምግብ አስገባላት ነበር። ከመግባቴ በፊት ሦስቴ አንኳኳለሁ፣ እሷ በማንኪያ ሳህኗን ሦስቴ ትመታልኛለች። ጨዋታ አድርገነው ነበር። እስቲ አስቢው፤ እንዳይከብደኝ ብዬ ጨዋታ አደረግኩት።

ከዚያ የመጽሔቱን ሥራ አግኝቼ ወደዚህ ከተማ መጣሁ። አንቺ ዘጠኝ ዓመት ሲሆንሽ አባትሽ «ወደ ሕሙማን መኖሪያ ወሰድኳት» አለኝ። በዓመቱ «አረፈች፣ እዚያው ተቀበረች» አለኝ። የት ነው መቃብሯ አላልኩም። የሰው ጓዳ ሲጠይቅ የሚኖር ሰው የራሱን አልጠየቀም። «ጋሼ ያውቃል» ብዬ ተገላገልኩ።

እንግዲህ ድምፁ እሷ ናት። ልጅ ሆነሽ የሰማሽው ነው፤ በጆሮሽ የቀረ ትዝታ። እሷ ካለፈች ሃያ ዓመት ሞላት። አሁን አውቀሽዋልና አውጪው፣ ወይም ተይው፤ ያንቺ ነው። አባትሽም አሮጌ ኃጢአቱን ቢደፍን ይድፈን፤ ለማን ብለን እናፈርሰዋለን?

ይቅር በይኝ አልልሽም። ያንን መጠየቅ የሚገባኝ ካንቺ አይደለም።

አክስትሽ

*

ኅዳር 11

አክስቴ፣

ደብዳቤሽን አሁን አነበብኩት። ስለሷ ሌላ ቀን እናለቅሳለን። ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ድምፁ ትዝታ አይደለም። ከቤቱ የወሰድኩት ነው ስልሽ የቀዳሁት ነው ማለቴ ነበር። አቻምና አባዬ እግሩን ሲታመም ሦስት ቀን አልነበርኩም እዚያ? የኛ ሥራ ያለበት ሰው የሄደበትን ቤት ሁሉ ይቀዳል፤ የበሩን ጩኸት፣ የወለሉን፣ የፍሪጁን። ስልኬን ኮሪደሩ ወለል ላይ አስቀምጬ ገበያ ሄድኩ። ስመለስ አንድ ሰዓት ከሩብ ቀድቶ ነበር። ጌሙ ውስጥ ያለው የዚያ ድምፅ ነው። ቀኑም ሰዓቱም ፋይሉ ላይ ተጽፏል።

ዛሬ ሙሉውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። በአርባኛው ደቂቃ አባዬ በእንጨት ግድግዳውን ሦስቴ ይመታል። ወዲያው መልሱ ይመጣል።

ደግሞ ያኔ አንድ ነገር ገርሞኝ ነበር፤ ብቻውን የሚኖር ሰው በየምሳው ሁለት ሳህን ያጥባል።

ለሎሚ ጌሙን ልታዘገይልኝ እንደሚገባ ነገርኳት። ለምን አላለችም። «ድምፁን አታውጪው» ብቻ አለች። ክፍሉን አልሠራሁትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በምናቤ ሞልቼው፣ አልጋ ስዬ፣ መስኮት ስዬ አሳምረው ነበር። ያላየሁትን ሰው ክፍል ግን አላሳምርም። ከፈለግሽ እድገት በይው።

ሐሙስ ጠዋት እደርሳለሁ። አንቺም ነይ። ለአባዬ ግን እንዳትነግሪው።

ሜትሬ

*

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የመጨረሻውን የምናዘዘው።

ይህን ደብዳቤ ማክሰኞ ከሰዓት አነበብኩት። ውሃ ጠጣሁ፤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለወንድሜ በስልክ አጭር መልእክት ላኩለት። አዎ፣ እንዳትነግሪው ተብዬ። «ጋሼ፣ ሐሙስ እኔና ልጅህ እንመጣለን። ሁሉንም እናውቃለን፣ አንፈርድብህም። ምንም እንዳታደርግ፣ አትጨነቅ» ነው ያልኩት። ሰው እንዳይደነግጥብኝ፣ እንዳይከፋው፣ አለሳልሼ። ሃያ ዓመት በዚህ አምድ ላይ ስጽፍ ከዚያች መልእክት የተሻለ ለስላሳ ነገር አልጻፍኩም። ከዚያችም የባሰ አልጻፍኩም።

አልመለሰልኝም።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነርሷ ደወለችልኝ። «አባባ ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ ሲሚንቶ ያቦካሉ። ብቻቸውን፣ በዚያ እግር። ምን አስቸኮለዎት ብላቸው እንግዳ ይመጣብኛል አሉኝ» አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ «ከግንቡ ጎን ለጎን ስድስት ዓመት ኖሬ» አለችና ነጠላ ጫማዋ ሲሮጥ ሰማሁ።

ፖሊስ ጣቢያ ደወልኩ። ያነሳው ሰው «እናቴ፣ ሰው በገዛ ቤቱ ግድግዳ ቢለስን ምን ወንጀል አለው?» አለኝ። የሜትሬን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ሁለት ሳህን የሚለው ጋ ስደርስ «አድራሻውን ይድገሙልኝ» አለ። መኪና ልከናል ካለኝ ሃያ ደቂቃ ሆኗል። ነርሷ በሩን እየደበደበች ነው፤ አይከፍትም። ውስጥ የአካፋ ድምፅ እንደሚሰማት ጽፋልኛለች። አካፋ ብቻ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ጆሮዬን ደቅኛለሁ፤ ሌላ አልሰማሁም» አለችኝ።

ለሜትሬ መልእክቱን መላኬን ነገርኳት። የመለሰችልኝ ሦስት ቃል ነው፤ «ለምን አላመንሽኝም አክስቴ?» አውሮፕላኗን ቀይራ ዛሬውኑ ተነሥታለች።

እኔ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ይህን የምጽፈው ጭኔ ላይ ነው፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሁለቴ «ደህና ነዎት?» ብሎኛል፤ አይደለሁም አልኩት፤ ምናልባት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። መንገዱ አምስት ሰዓት ነው። የመጽሔቱ አዘጋጅ አምዱን እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እጠብቅልሻለሁ ብሎኛል፤ እኔ ግን እዚህ ላይ ቆርጬ እልከዋለሁ፣ ምክንያቱም ስደርስ የማየውን ለማለሳለስ ጊዜ እንዳይኖረኝ እፈልጋለሁ። በዚህ ሳምንት ምክር የለኝም። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ማንን እንዳገኘን፣ በሕይወት ይሁን አይሁን፣ ወንድሜ ዓይን ዓይኔን እያየ ምን እንዳለኝ፣ እኔም ምን እንደመለስኩለት፣ ስሟንም ጭምር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምንም ሳላሳምር እጽፍላችኋለሁ።